"ትንፋሽ አይቀረጥም!"

"ልጄ... የሕክምና ዕቃ ቀረጥ ተነስቷል አይደል? ታዲያ የኦክስጅን ማሽኑ ዋጋ ለምን አልቀነሰም?"

የሕክምና ዕቃ መደብር ሻጯ ማሂ መልሱን ሸምድዳዋለች።

"የድሮ ዕቃ ነው ማዘር... ቀረጥ የተከፈለበት ነው። አዲሱ ሲገባ ይቀንሳል።"

ውሸት!

የኦክስጅን ማሽኖቹ የገቡት ቀረጡ ከተነሳ በኋላ ነው። የተረከበቻቸው ራሷ ማሂ ናት። ግን የሰንጋ ተራው መደብር ባለቤት ዓባይነህ (አቶ ልለው አልቻልኩም!) "የድሮ ዕቃ ነው በይ" ብሏታል።

ሴትዮዋ አልሄዱም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ ያያሉ...

አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ የተደረገላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከሥሩ "ትንፋሽ አይቀረጥም!" ይላል።

ቀረጡ ይነሳ ሲባል ዓባይነህ በየስብሰባው ይዞት የዞረው ፎቶ ነው። የተነሳ ዕለትም እዚያው ፎቶ ሥር ቆሞ ኬክ ቆርሷል።

"አለቃሽን ጥሪልኝ... ወለተሰንበት በይው፣ ያውቀኛል።"

ማሂ ፎቅ ላይ ደወለች።

"የለም በያት!"

"የለም ማዘር..."

"ባለቤቴ ትንፋሽ እያጠረው ነው ልጄ። ዋጋው ቢቀንስ የያዝኩት ይበቃኝ ነበር..."

እውነቱ የማሂ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንጀራዋን አሰበች... ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ። ጥቁር መልበሳቸውን ማሂ ልብ አላለችም።

"ማዘር... አለቃዬን ለምኜ አስቀንስልዎታለሁ..."

"ማሽን ልገዛ አይደለም የመጣሁት። ፎቶውን ስጪኝ።"

"የቱን ፎቶ?"

"ያንን። የባለቤቴን የገረሱን።"

ማሂ ዞራ ፎቶውን አየች።

"ለቅሶ ቤት የምናቆመው ሌላ ደህና ፎቶ የለንም። አለቃሽ ነው ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ድረስ ፎቶ አንሺና ቱቦ ይዞ መጥቶ ያስነሳው። 'ቀረጡ ይነሳ እንጂ የመጀመሪያው ማሽን የጋሽ ገረሱ ነው' ብሎን ነበር..."

ዓባይነህ ድምፅ ሰምቶ ወረደ። ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ፎቶው የድርጅቱ ንብረት ነው!"

ማሂ ወንበር ላይ ወጣች። ፎቶውን አውርዳ ለወይዘሮ ወለተሰንበት አስታቀፈቻቸው።

"ማዘር... ማሽኑ የድሮ ዕቃ አልነበረም። እያወቅኩ ነው የዋሸሁዎት።"

ሴትዮዋ አልተቆጡም፣ አልረገሙም። ፎቶውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

"ይሄን ቃልሽን ያን ዕለት ነበር የምፈልገው ልጄ" ብለው ወጡ።

ይሄን ስጽፍ ደሜ እየፈላ ነው!

በበሽተኛ ፎቶ ቀረጥ አስነስቶ ቅናሹን ብቻውን የሚውጥ ሰው ነጋዴ ይባላል እንዴ?

ቀረጥ በአዋጅ ይነሳል... ህሊና ግን በአዋጅ አይመጣም።

ዓባይነህን መስደብ ለሁላችንም ቀላል ነው። "ታዝዤ ነው" ብለን ዝም ያልነውስ?

እስቲ ሳታስመስሉ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... ያን ዕለት ማሂን ብትሆኑ ለወይዘሮ ወለተሰንበት ምን ትሏቸው ነበር?