ጥጥ የመሰሉት የቮላሱዋ ውሾች

በቱሌያር የባሕር ዳርቻ ጥጥ የመሰሉትን ትንንሽ ውሾች እንደ ቮላሱዋ እናት የሚያረባ አልነበረም። ዘራቸው ከሰመጠ መርከብ ዋኝቶ የወጣ ነው ይባላል። አሮጊቷ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ ቡችላ ስድስት ወር ሳይሞላው ከእሳቸው በቀር ማንም አያየውም። ፋዲ ነው፣ እርም ነው፣ ይሉ ነበር። የገዛ ልጃቸው ቮላሱዋ እንኳ ከበር ትመለሳለች።

አምና አሮጊቷ ሞቱ። ከዘሩ የቀረችው ላንዲ የተባለች ሴት ውሻ ብቻ ናት፣ እሷም አርጅታለች። ቮላሱዋ ነጭ ወንድ ውሻ ከሩቅ አስመጥታ አስጠቃቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ራሷ አዋለደቻት።

ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። ጆሯቸው ቡናማ፣ ጀርባቸውም ቡናማ ጣል ጣል ያለበት።

የቮላሱዋ ደም ፈላ። ከአጥሩ ማዶ የዓሣ አጥማጁ የአዛውንቱ የማሃታንቴ ውሻ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። እሱ እስከ ጭራው ቡናማ ነው።

«አባባ ማሃታንቴ! ይሄ ሌባ ውሻዎ ዘሬን አጠፋብኝ!»

«ኧረ ልጄ፣ እሱ እኮ ለዝንብም አይነሳ! እንኳን ሚስት ሊፈልግ።»

«ታዲያ ቡችሎቹ ይሄን ቀለም ከየት አመጡት? ከኔ?»

ማሃታንቴ ቡችሎቹን አዩና ዓይናቸውን ወደ ውሻቸው መለሱ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም ውሻውም ቡችሎቹም ባሕር ይግቡ፣ ማሃታንቴ ራሳቸው ይፈጽሙት ተባለ። ፈረዱ፣ ተመራርቀው ተነሡ። ቸኮልን ያለ አልነበረም።

ማሃታንቴ ውሻቸውንና ቡችሎቹ ያሉበትን ቅርጫት ታንኳ ላይ ጭነው ሄዱ። ማታ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ቅርጫቱን እንደተሸፈነ ታቅፈው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ።

ላንዲም ብዙ አልቆየችም። ቮላሱዋ የእናቴ ቤት ተዘጋ ብላ አለቀሰች።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ማሃታንቴ ደጇ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። ውሻዬን በገዛ እጄ አሰመጥኩት። ልጆቹን ግን አልቻልኩም፤ የሱ ማስታወሻ ናቸው ብዬ ጓዳ ደብቄ በፍየል ወተት አሳደግኋቸው። አሁን አንድ በሽታ ገባባቸውና ጨነቀኝ። አንቺ የውሻ ነገር ታውቂያለሽ፣ በናትሽ እዪልኝ።»

«ምን ሆኑ?»

«እኔ እንጃ። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ብቻ የአባታቸው ቀለም በየቀኑ እየለቀቃቸው ሄደ።»

ቮላሱዋ ተከትላቸው ሄደች። ሽማግሌው የጓዳውን በር ከፈቱ።

ጥጥ የመሰሉ ሦስት ነጭ ውሾች እየዘለሉ ወጡ።