በሩ አጥንት ያያል

«ክቡራን ሆይ፣ ወይዘሮ ምንትዋብ ቲማቲም ገዝተው ተመልሰዋል!» ሲል የቤቱ በር አወጀ። በሩ የሚገባውን የሚለየው አጥንቱን እንደ ማይክሮስኮፕ አጉልቶ አይቶ ነው፤ የአጥንቱ ቅንጣት ክብ ክብ ከሆነ ሰው ነው ይላል፣ እንደ ጡብ ከተደረደረ በሬ።

አባቷ አቶ ሺበሺ ተከተሏት። በተሰበሩ ቁጥር ሐኪሞች የሚተኩላቸው የበሬ አጥንት ነው፤ ዛሬ ዳሌያቸውም ተተክቶ ከሆስፒታል መመለሳቸው ነበር።

«አንድ በሬ» አለ በሩ። «በጓሮ ይግባ።»

«ኧረ ይሄ ደንቆሮ! አባባ፣ ተበላሽቶ ነው፤ አይስሙት» አለች ምንትዋብ።

ባሏም ከውስጥ «ነገ አሠራዋለሁ!» ብሎ ሳቀ።

«ጤነኛ በሬ ከሆንኩማ ምን ከፋኝ!» አሉ አቶ ሺበሺ።

በሩ ግን ምንትዋብን አስገብቶ ተዘጋ፤ ለእሳቸው አልከፈተም። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጓሮ ዞሩ። እዚያ አዲስ ድርቆሽ ተጎዝጉዞ፣ የራሳቸው ትራስ ተቀምጦበት ጠበቃቸው።