የመጨረሻው ሪጎሬ

በመጨረሻዋ ደቂቃ ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ። አጥቂው ካገባ ተጋጣሚው ቡድን ከሊጉ ይወርዳል፤ ከሳተ የራሱ ቡድን ይወርዳል።

አጥቂው ኳሷን ነጥቡ ላይ አስቀመጠ። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ካበጀ ወዲህ ኑሮ አልገፋ ብሎት፣ ለከርሞ ለተጋጣሚው በድብቅ ፈርሟል። ከጣሪያው የሚያልፈውን በጓሮ በር ሊሰጡት ተስማምተዋል፤ ከወረዱ ግን ውሉ ይቀራል።

"አደራህን ወንድሜ!" አለው አምበሉ እያለቀሰ።

"እመብርሃን ይቅር በይኝ" አለና ኳሷን ቀስ አድርጎ በቀጥታ ወደ በረኛው ላካት።

በረኛው ወደ ግራ ተወረወረ። ኳሷ እየተንከባለለች መረቡ ውስጥ ገባች።

ጓደኞቹ እየጮሁ ተከመሩበት። ከሥራቸው ሲወጣ በረኛው መጥቶ አቀፈውና በጆሮው አንሾካሾከ፦

"አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር። ለከርሞ አብረን ነን፤ ለእናንተ ፈርሜያለሁ።"