ዝንብ በሊታዋ ወፍ

ማዳም፣ ሠራተኛዋ ሙኒያ ጁምዓ መውጣት አምሯት ወፏን ሆን ብላ ገደለቻት አለች። ሙኒያ ደግሞ ወፏን የገደላት ማዳም ጠዋት ለማንም ሳትናገር ኩሽና ውስጥ የረጨችው የዝንብ መድኃኒት ነው አለች። የማዳም ባል ኡስታዝ በረንዳው ላይ በመካከላቸው ቆሞ ሁለቱንም ሰማ። የሞተችው ወፍ መዳፉ ላይ ነበረች።

እሱ ከደቡብ ጫካ ያስመጣት፣ ዛፎች ሥር በጥላ ውስጥ ትንኝና ዝንብ እየለቀመች የምትኖር ትንሽ ወፍ ነበረች። እህል አትነካም። ስለዚህ ሙኒያ በየቀኑ ዝንብ ትይዝላታለች፤ ወፏ ከመጣች ወዲህም የጁምዓ ዕረፍቷ ቀርቶ ማዮ ሰፈር ያለችውን እህቷን አላየችም። የዛሬዎቹን ዝንቦች ኩሽናው መስኮት ሥር ወድቀው ሲንፈራገጡ አግኝታ ነው የሰጠቻት። ይህንንም አልደበቀችም።

«ወላሂ ትዋሻለች!» አለች ማዳም። «ትናንት እንኳ ‹ይቺ ወፍ አሰረችኝ› ስትል ሰምቻታለሁ።»

«ብያለሁ» አለች ሙኒያ። «አስራኛለችም።»

ኡስታዝ የወፏን ክንፍ በጣቱ ገለጥ አድርጎ መልሶ አጠፈው።

«ኸላስ፣ ጭቅጭቁ ይብቃ። ነገ ሌላ ይመጣልኛል» አለና ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ አትርጪ።» ከዚያ ባዶውን የሽቦ ቤት አንሥቶ ለሙኒያ ዘረጋላት። «ያላ፣ እጠቢው። ከእንግዲህ ከመሬት አትልቀሚ።»

ሙኒያ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ የሽቦውን ቤት ሳትቀበለው ቆመች።

«ሌላም ያምጡ፣ ኡስታዝ። እኔ ግን ጁምዓ እወጣለሁ። የዚያን ቀን ዝንቡን እርስዎ ይያዙላት።»