የልቅሶው ድንኳን ማድረቂያ

የውሃ ጠብታ ስትደርቅ ቫይረስን ጨምድዳ እንደምትሰብረው ከታወቀ ወዲህ፣ ፊትን በማሽን ሳያደርቁ ሰው መሳም ክልክል ነው። በየልቅሶው ድንኳን ደጃፍ ማድረቂያ ቆሟል።

ለትርንጎ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። የሞቱት «ወጥሽ ጨው የለውም» እያሉ ዕድሜዋን ያስመረሯት አማቷ ናቸው፤ እንባ ከየት ይምጣ? «ደግነቱ ሁሉም ደርቆ ነው የሚገባው፤ ማን ያውቅብኛል?» አለች በልቧ።

ከፊቷ የነበረችውን የባሏን እህት ማሽኑ እያጓራ ሲያደርቃት ቆየ። ተራዋ ሲደርስ ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወይኔ እናቴን!» እያለች ጉንጯን ሰጠችው።

ማሽኑ አላጓራም። ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማ፣ «እርጥበት አልተገኘም። ይግቡ» አለ።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። የሟች ታላቅ እህት ከጥግ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህቴ እውነቷን ነበር። ልጅቷ ጨው የሚባል ነገር የላትም!»