በእግር የሚቀመስ

ባሎች ጡረታ በወጡ ማግስት እንደ አባጨጓሬ በድር መጠቅለል፣ ከዚያም ክንፍ አብቅለው መውጣት ከጀመሩ ወዲህ የሚስቶች ሥጋት አንድ ነው፤ ሚስቱን ለይቶ ያላወቀ ባል በመስኮት በርሮ ይሄዳል።

ዛሬ መንበሩ ድሩን ቀድዶ፣ ከተንጠለጠለበት የመጋረጃ ዘንግ ወርዶ ክንፉን አደረቀ። ሚስቱ ስኂን የሚወደውን ሽሮ አቀረበችለት። እሱ ግን ሳህኑ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«ኧረ መንበሩ፣ ምን ነካህ!»

«በእግራቸው እኮ ነው የሚቀምሱት» አለች ጎረቤቷ ደብሪቱ። «የእኔው ሰውዬ ገንፎውን ረግጦ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ነው የሄደው።»

መንበሩ ሽሮውን ትቶ መስኮቱ ላይ ወጣ። ስኂን መስኮቱን አልዘጋችም፤ መዳፏን ብቻ ከፊቱ ዘረጋች። ሊበርር ሲል በአንድ እግሩ ረገጣት። ጥቂት አሰበና ሁለተኛውንም ጨመረ።

«ትከብዳለህ» አለችው፤ እጇን ግን አላነሳችም።