አንዲት የማውቃት ልጅ

«ያዢ! ጀመርኩ» ይላል አባቷ ከመድረኩ ላይ፤ እሷም የግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኗን ተክላ ደቂቃውን ትይዝለታለች። ነገ የገና ፕሮግራም ነው። የወጣቶች ፓስተር ለሆነው አባቷ የተሰጠው አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አርባ ደቂቃ ሰብኮ ትንንሾቹ መላእክት ክንፋቸውን እንደለበሱ እንቅልፍ ጣላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱለትም።

የቤታቸው ወግ ነው፤ ትልቅ ስብከት ሲኖር ቀድመው የሚሰሙት የቤት ሰዎች ናቸው። እናቷ ሐሳቡን ትመዝናለች፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ሰዓት ትይዛለች። ዛሬ እናትየው ጎን ባለው ክፍል ስፒል በጥርሷ ነክሳ የልጆቹን ክንፍ ታስተካክላለች። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ፣ ከኋላ ደግሞ ገመድ የሚጠቀልለው የድምፅ ባለሙያ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አባቷ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ሰው ሊያስለቅስ ሲያስብ የሚያወጣው ነው።

«አንዲት የማውቃት ልጅ አለች» ይላል። «መዝሙሩን ሁሉ በቃሏ ታውቃለች፤ ከጉባኤ ቀርታ አታውቅም። አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን የማወራ ይመስለኛል። ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የማስበው ምሳ ምን እንደሆነ ነው።›»

ልጅቷ ክው ትላለች። ቃሉ የራሷ ነው፤ ምሳዋ እንኳ አልቀረችም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ቀይ መብራት ይዟቸው መኪና ውስጥ የነገረችው ነው። ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችውም። ያን ቀን አባቷ «አይዞሽ፣ ያልፋል» አላት፤ ከዚያ መብራቱ ለቀቃቸው፣ ከዚያ ስልክ ተደወለለት።

አሁን ዓይኑን ትፈልጋለች። ትንሽ ቢያፍር፣ ፊቱ ላይ ይቅርታ ቢጤ ብታይ ይሻላት ነበር። እሱ ግን የሌለውን ሕዝብ እየቃኘ ከአናቷ በላይ ያልፋል። የታሪኩ ልጅ እሷ መሆኗን ጭራሽ አያውቅም። ከሁሉ ያናደዳት ይኼ ነው።

ጥፋቱ የደብተሩ ነው። ፓስተሩ ወጣቶቹ የነገሩትን ማታ ማታ የሚጽፍባት ትንሽ ደብተር አለችው። ታማኝ ሰው ነውና ስም አይጽፍም፤ የሰው ምስጢር ነው ይላል። ወጣቶቹ «አፍህን ሰብስብ፣ ለእሁድ ስብከት ትሆናለህ» ይባባሉበታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ አልሰማም። ስም ካልተጻፈ ደግሞ ውሎ አድሮ ተናጋሪው ይጠፋና ቃሉ ብቻ ይቀራል።

«ስንት ፈጀ?» ይላል ላቡን እየጠረገ።

«አሥራ አራት።»

«ወይ ጣጣዬ! ምኑን ልቁረጠው?»

«የልጅቷን ታሪክ።»

«እሱማ አይነካም፤ የስብከቱ ጨው እሱ አይደል? ከቆረጥኩ እረኞቹን እቆርጣለሁ።»

«ፓስቴ፣ እረኞቹን ከቆረጥካቸው ብሥራቱ ለማን ሊነገር ነው?» ይላል የድምፅ ባለሙያው ከኋላ።

ሁለቱ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም።

«አባዬ፣ ልጅቷ ነገ እዚህ ትመጣለች። ሦስት መቶ ሰው ፊት ቃሏን ስትሰማው ምን የምትሆን ይመስልሃል?»

«ስም እኮ አልጠራሁም።»

«እሷ ራሷን አታጣትም።»

ፓስተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው አስከፋህ ከተባለ እንቅልፍ የማይወስደው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያገላብጣል፣ አንድ ገጽ ላይ ይቆማል፣ እንደገና ያገላብጣል።

«ማን እንደሆነች ጠፋችብኝ እኮ። ከኳየር ልጆች አንዷ መሰለችኝ። አንቺ ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«በይ እንግዲያው ቁጥሯን ንገሪኝ፤ ደውዬ ላስፈቅዳት። እምቢ ካለች በቃ፣ ይቀራል።»

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን አንዴ ነግራዋለች፤ የነገረችው ቃል የሌላ ሰው ሆኖበት ተመልሶ መጣ። ደግማ ልትነግረው አፏ እምቢ ይላታል። ስለዚህ ቁጥሩን ትነግረዋለች፣ ቀስ ብላ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚነገር። እሱ የሚስቱን ቁጥር እንኳ በቃሉ የማያውቅ ሰው ነው፤ በአውራ ጣቱ እየተጫነ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ይከተላታል። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሰው ለማጽናናት ሲዘጋጅ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

የልጅቷ ኪስ ይጮኻል።

«አጥፊው እንጂ!» ይላታል በሹክሹክታ። «ሰው ጋ እየደወልኩ አይደል?»

አታጠፋውም። የድምፅ ባለሙያው የያዘውን ገመድ መጠቅለል ይተዋል። አባቷ እሷን ያያል፣ ኪሷን ያያል፣ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ መነጽሩን ይመልስና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስም ያነባል። ከመድረኩ ላይ ወዴትም አይንቀሳቀስም፤ ጥሪውንም አያቋርጠውም። ፊቱ አመድ መስሏል።

ልጅቷ ስልኳን ታወጣለች።

«አቤት፣ አባዬ» ትላለች ጆሮዋ ላይ አድርጋ።

እሱም መልሶ ጆሮው ላይ ያደርገዋል። በመካከላቸው አሥር እርምጃ ያህል ባዶ ወለል አለ። ከስልኩ የሚሰማት ትንፋሹ ብቻ ነው፤ አትዘጋውም።